ልብን ከማዕድ ቤት ጀምሮ መጠበቅ እንዴት ይቻላል?

ከፍተኛ የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ አያምም፣ አልጋ ላይም አይጥልም። ሳይሰማን ዓመታት ቆይቶ ልብን፣ አንጎልን፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ልብን መጠበቅ ያለብን ጤነኛ ነን ብለን በምናስብበት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ግፊትዎን ይወቁ። መለኪያ የሚገዙ ከሆነ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ይምረጡ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው መለኪያ ግን እጅ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ውጤቱ ይዛባል። ከመለካትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ። ጀርባዎን ተደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ይቀመጡ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትይዩ ይረፍ፤ መለኪያውን በሹራብ ላይ አይጠምጥሙት። ሲለኩ ወሬ አይቻልም። ከ1 ደቂቃ በኋላ ይድገሙት። በተለያዩ ቀናት ቤት ውስጥ ለክተው 135/85ና ከዚያ በላይ ከመጣ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ቀጥሎ ጨው ነው። ከባዱ ይሄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። «እኔ ወጥ ላይ ትንሽ ነው የምጨምረው» የሚሉ ሰዎች አይዋሹም። ጨው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ገብቷል። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ምጥን ሽሮውም እንደዚሁ። ቁሌቱ ላይ በርበሬ ጣል ተደርጎ፣ ሽሮው ተበትኖ፣ መጨረሻ ላይ «ጨው አነሰው» ከተባለ አንዱ ድስት ሦስት ጊዜ ጨው ገባበት ማለት ነው። አጠገቡ ሚጥሚጣ ወይም አዋዜ ከቀረበ ደግሞ አራት።

ስለዚህ ከምንጩ ይጀምሩ። በርበሬና ሽሮ ሲያስፈጩ ጨው አያስገቡ። ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሳይጓደል ይግባ። በርበሬው በደንብ ከደረቀና እርጥበት ከሌለበት ቦታ ከተቀመጠ ያለ ጨውም ይቆያል። የተዘጋጀ የሚገዙ ከሆነ ሻጯን ይጠይቁ፤ ቆንጠር አድርገውም ይቅመሱት። ወጥ ሲሠሩ ሽንኩርቱን አይቸኩሉበት። በቀስታ የበሰለ ቁሌት ራሱ ጣዕም አለው። ጨው የሚጨመረው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል፣ ከተቀመሰ በኋላ ይሁን። የሾርባ ማጣፈጫ ኩብ ከጨመሩ ጨዉን ይተዉት፤ ኩቡ በብዛት ጨው ነው።

በአንድ ቀን ግን አይቁረጡት። ቤተሰቡ ጨው ከጎኑ ያስቀምጥና ልፋትዎ ከንቱ ይቀራል። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይቀንሱ። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምዳል፤ የድሮው ወጥ ራሱ ጨው ጨው ይላል። ውድ ለሆነው ሮዝ ጨው ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ግፊት የሚጨምረው ሶዲየም እሱም ውስጥ አለ። አዮዲን ያለውን ተራ ጨው በትንሹ መጠቀም ይበቃል።

ዘይት ከጀሪካን አይንቆርቆር፤ በማንኪያ ይለካ። የሚረጋው የፓልም ዘይትና ቅቤ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋሉ። ቅቤው ለበዓል ይሁን፣ ለዘወትር ኑግ ወይም ሱፍ ይሻላል። የጾም ምግብ ስለሆነ ብቻ ለልብ ይስማማል ማለትም አይደለም። ምስር፣ ክክና ጎመን ግሩም ናቸው፤ ዘይት ሲያንሳፍፉ ግን ጥቅማቸው ይቀንሳል።

በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ይራመዱ። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድም ይቆጠራል። ሲጋራ ይቁም። ጫትም የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል።

የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቁጥሩ ወረደ ብለው በራሳቸው ሲያቆሙት በጣም ያሳዝነኛል። ያወረደው እኮ መድኃኒቱ ነው! ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ምግብ ናቸው፤ መድኃኒቱን አይተኩም።

ልጆችንም አንርሳ። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የልብ በሽታ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። በባክቴሪያ የመጣ የቶንሲል ሕመም በወቅቱ ካልታከመ ሩማቲክ ትኩሳት የሚባል ሕመም አምጥቶ የልብ ቫልቭን፣ ማለትም ደም የሚያልፍበትን የልብ በር፣ ሊያበላሽ ይችላል። ልጅ ጉሮሮውን አሞት ካተኮሰው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። እንጥል ማስቆረጥ አያድነውም፤ ሌላ አደጋ ይጨምርበታል። ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ከታዘዘለት፣ በማግስቱ እየሮጠ ቢጫወት እንኳ እስከ መጨረሻው ቀን ይውሰድ።