«ገና ልጅ ነሽ» ከማለትዎ በፊት፦ የሴት ልጅ የገላ ፀጉርና የኛ የእናቶች ስህተት

ሚያዝያ ላይ ነበር፤ የባሕር ዳር አስፋልት የሚግልበት፣ ከጣና የሚመጣው ነፋስ እንኳ ሞቆ የሚደርስበት ሰሞን። የ12 ዓመቷ ልጄ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ወፍራም ካልሲ አድርጋ ከትምህርት ቤት ገባች። «እግርሽ አልነደደም?» ብላት «በርዶኛል» አለችኝ። በዚያ ሙቀት! ማታ ልትታጠብ ሳፋ ላይ ስትቀመጥ ካልሲው የደበቀው ነገር ታየ። ቅልጥሟ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ሦስት ቀጫጭን ቁስሎች፣ አንዱ ገና ያልደረቀ። የአባቷን ምላጭ አንስታ፣ ያለ ውሃ ያለ ሳሙና፣ በደረቁ ስባዋለች።

ከሁለት ወር በፊት ጠይቃኝ ነበር። ቡና ላይ ነበርን፣ ጎረቤቶች ተሰብስበው። ጆሮዬ ሥር መጥታ «እማ፣ የእግሬን ፀጉር ብላጨውስ?» ስትለኝ፣ «ሂጂ ወዲያ፣ ገና ልጅ ነሽ!» ብዬ ጮኽኩባት። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እንግዲህ ስህተቶቹን ስቆጥር ከራሴው ልጀምር።

ጥያቄውን በ«ገና ልጅ ነሽ» መዝጋት

ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር የምትጠይቀው ብዙ ቀን ስታብሰለስለው ከርማ ነው። እምቢ ስትባል ጥያቄው አይጠፋም፤ ከእርስዎ ተነሥቶ ወደ ቲክቶክ፣ ወደ ክፍል ጓደኛዋ፣ መስኮት ላይ ወደ ተቀመጠው ምላጭ ይሄዳል እንጂ። ፈቃድና ክልከላው ይቆይና መጀመሪያ «ለምን አሰብሽው?» ይበሏት። መልሷ «አልወደድኩትም» ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ «ሰደቡኝ» ከሆነ ሌላ ነው። የኔዋን ለካ አብሯት የሚማር ልጅ «ዝንጀሮ» እያለ ይጠራት ኖሯል። ያንን ምላጭ አይፈታውም፤ ክፍል ኃላፊዋን ሄጄ ማነጋገር ነበረብኝ፣ አነጋገርኩም።

ቁርጥ ያለ ዕድሜ መፈለግ

«በስንት ዓመቷ ልፍቀድላት?» የሚለው ጥያቄ ቁጥር የለውም። አብዛኞቹ ሴት ልጆች የጉርምስና ለውጥ የሚጀምራቸው ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጡ ሁለት ልጆች አንዷ የብብት ፀጉር ሲኖራት ሌላዋ ገና ምንም አይታይባት ይሆናል። የእግር ፀጉርማ ከጉርምስና በፊትም የሚጠቁርባቸው አሉ። እኔ አሁን የማየው ራሷ መፈለጓንና ስለት ያለው ዕቃ ሲሰጧት ተረጋግታ መያዝ መቻሏን ነው። ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን የማትቆርጥ ልጅ፣ አጠገቧ ሰው እስካለ ድረስ፣ እግሯንም አትቆርጥም።

ሳትጠይቅ መጀመር

የማውቃት አንዲት እናት «ሠርግ አለብን» ብላ የ10 ዓመት ልጇን እግር በሰም አስነጨቻት። ልጅቷ እስከዚያች ቀን ድረስ እግሯ ላይ ፀጉር መኖሩን ልብ ብላ አታውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በየቀኑ ታየዋለች። ነፍሷን ይማርና አያቴ የዘጌ ሰው ነበረች፤ ፀጉራም እግር ያላትን ሴት ስታይ «ደም ግባት ነው» ትል ነበር። ነውር ያደረግነው እኛ ነን።

«ከተላጨ ይወፍራል» ብሎ ማስፈራራት

ይህን ከእናቴ ሰማሁ፣ ለልጄም አወረስኩ። ውሸት ነው። የፀጉር ሥር ያለው ከቆዳ በታች ነው፤ ምላጭ የሚነካው ከላይ የወጣውን ብቻ ነው። አሜሪካዊቷ የአናቶሚ ሊቅ ሚልድረድ ትሮተር በፈረንጆቹ 1928 ጉዳዩን መርምራ መላጨት የፀጉርን እድገት እንደማይለውጥ አሳይታለች። ታዲያ ለምን ይሻክራል? ያልተነካ ፀጉር ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ሲሆን የተላጨው ጫፉ ደንደን ይላል። የታጨደ የጤፍ ማሳ ላይ በባዶ እግር የሄደ ሰው ይገባዋል፤ ሰብሉ አልወፈረም፣ የተቆረጠው ጫፍ ነው የሚወጋው። በዚያ ላይ በጉርምስና ጊዜ ፀጉር ተላጨም አልተላጨም በራሱ ጊዜ ይጠቁራል፤ ጥፋቱን ግን ለምላጩ እንሰጠዋለን። ልጅቷ አንድ ቀን እውነቱን ስታውቅ፣ ስለ ሌላው የነገሯትንም መጠራጠሯ አይቀርም።

ምላጭ መጋራት

እዚህ ላይ ድርድር የለም። ከአባት፣ ከእህት፣ ከእርስዎም ጋር ቢሆን አትጋራ። ዓይን የማያየው የደም ጠብታ ኤችአይቪንም ሄፓታይተስ ቢንም ሊያስተላልፍ ይችላል። ቤተሰብ መሆን ከዚህ አያድንም፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ለዓመታት ምንም ሳያመው ሊኖር ይችላል። የራሷን ባለ እጀታ መላጫ ይግዙላት፣ የሚያርፍበትንም ቦታ ለብቻ ያድርጉላት። የውበት ሳሎን ስትሄዱም አዲስ ምላጭ ዓይናችሁ እያየ ይከፈት።

በከባዱ መጀመር

ሱቅ የሚሸጠው የፀጉር ማስለቀቂያ ክሬም ፀጉሩን በኬሚካል የሚያሟሟ ነው፤ የልጅ ቆዳ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል። የግድ ካሉ በትንሹ አንድ ቦታ ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ፣ የተጻፈውን ደቂቃም አያሳልፉ። የጋለ ሰም ለጀማሪ አይሆንም።

እኛ ያደረግነው ይኸው፦ ቅዳሜ ማታ ገላዋን ከታጠበች በኋላ፣ ቆዳው ለስለስ ሲል፣ ሳፋ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ የራሴን እግር አሳየኋት። ሳሙናውን አረፋ እስኪያወጣ አሸች፤ መላጫውን ሳትጫን ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ አወረደችው፤ ሁለት ጊዜ እንዳወረደች ውሃ ውስጥ ነከረችው። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ስትደርስ እጇን ያዝኳት፤ አጥንት ያለበት ቦታ ነው የሚቆርጠው። ከዚያ በንጹህ ፎጣ ሳታሽ አደረቀችና ጥቂት ቫዝሊን ተቀባች። በቃ፣ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

አክስቷ «ሎሚ ብታሽበት ቆዳው ይጠራል» አለች። እምቢ አልኩ። ትኩስ የተላጨ እግር ላይ ማቃጠሉ አንድ ነው፤ ይባስ ብሎ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ውሃ ሊቋጥርና ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። በባሕር ዳር ፀሐይ!

ሽታን ከፀጉር ጋር ማምታታት

ልጅቷ ብብቷ መሽተት ሲጀምር «ላጪው» ብቻ ብሎ መተው ጥቅም የለውም። በጉርምስና የብብት ላብ ዕጢዎች ሥራ ይጀምራሉ፤ ሽታውን የሚያመጡት ቆዳ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። በየቀኑ በሳሙና መታጠብና ሸሚዝ መቀየር ነው መፍትሔው።

ሐኪም የሚያስፈልገውን አለማየት

ከ8 ዓመት በታች ባለች ልጅ ላይ የብብት ፀጉር ከወጣ ላጭተው አይለፉት፤ የሕፃናት ሐኪም ይየው። የወር አበባ ያየች ልጅም አገጯ ወይም ደረቷ ላይ ወፋፍራም ፀጉር እየበዛ፣ የወር አበባዋም ለረጅም ጊዜ እየተዛባ ከሆነ የሆርሞን ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከጤና ጣቢያ ጀምረው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድረስ መሄድ ነው። ከተላጨች በኋላ የሚወጡ ጥቃቅን ሽፍቶች በጥቂት ቀን ይጠፋሉ፤ መግል ከያዙ፣ ቅላቱ ከተስፋፋ ወይም ካተኮሳት ግን አይጠብቁ።

የኔዋ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሦስት አራት ጊዜ ተላጨች። ክረምት ሲገባ «እማ፣ ሰልችቶኛል» ብላ ተወችው፤ መላጫዋ ክዳኑ ተገጥሞ ተቀምጧል። ወፍራሙን ካልሲ ታናሽ ወንድሟ ወርሶ ኳስ ይጫወትበታል።