ጨረር የወሰደ ጥርስ ሩት ካናል ሲያስፈልገው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጥርስ አክማለሁ። አንድ ጊዜ ከኩታበር አንድ ጋሼ መጡ። የታች መንጋጋ ጥርሳቸው ተቦርቡሯል። ሩት ካናል ሰራሁላቸው፤ ማለትም የጥርሱን ነርቭ አውጥቼ የስሩን ቦይ አጸዳሁ፣ ሞላሁና ሸኘኋቸው። በአራተኛው ወር ሙሌቱን በመሀረብ ቋጥረው ከች አሉ። «ልጄ፣ ይቺ ነገር ሽሮ ስበላ ወጣች።» አንገታቸው ላይ የጠቆረውን ቆዳ ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ለካ አዲስ አበባ ሄደው ለጉሮሮ ካንሰር የጨረር ሕክምና ወስደዋል። አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ስለዚህ ገና ወንበሩ ላይ ሳትወጡ «ጨረር ወስጃለሁ» በሉ። ዓመታት ቢያልፉም በሉ። ወረቀቱንም ይዛችሁ ኑ። የምፈልገው ጨረሩ የት እንዳረፈና ስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) እንደሆነ ነው። ለራስና ለአንገት ካንሰር ብዙ ጊዜ በቀን 2 ግሬይ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ይሰጣል። ሲደመር ከ60 እስከ 70 ይሆናል። ይህን ያህል የወሰደ የታች መንጋጋ አጥንት ደም በደንብ አያገኝም። ጥርስ ሲነቀል ቁስሉ ላይድን፣ አጥንቱም ሊሞት ይችላል። «ንቀይልኝና ልገላገል» ስትሉኝ እሺ የማልለው ለዚህ ነው። ጥርሱ እስከ ድድ ተበልቶ ቢያልቅ እንኳ፣ ስሩን አጽድተን ደፍነን እዚያው ብንተወው ይሻላል። ጨረር ገና ያልጀመረ ሰው ግን የማይድን ጥርሱን ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቀድሞ ያስነቅል።

ወደ ሙሌቱ ልመለስ። ስሩ ውስጥ የምናስገባው ጉታ ፐርቻ የሚባል ጎማ መሰል ነገር ነው፤ ዙሪያውን ሲለር የሚባል ማጣበቂያ ይሞላዋል። ጭንቄ ግን ጥርሱ ራሱ ነው። ጨረር የጥርሱን ኮላጅን፣ ማለትም ክር መሰሉን ፕሮቲን፣ ሊጎዳ ይችላል፤ ያኔ ማጣበቂያው የሚይዘው ሊያጣ ይችላል። በቤተ ሙከራ መጣበቁ የቀነሰባቸው ጥናቶች አሉ፤ ሁሉም ግን ውጤታቸው አንድ አይደለም። እኔ በማጣበቂያ ብቻ አልተማመንም። ስሩን በደንብ አጥባለሁ፣ ከጫፉ ሳላሳልፍ እሞላለሁ፣ አናቱን አጥብቄ እዘጋለሁ። ላይ የተደረገላችሁ ግላስ አዮኖመር የሚባለው ሙሌት ከሆነ፣ አሲድ ያለው የፍሎራይድ ጄል ስለሚበላው አሲድ የሌለውን ጠይቁ።

ሦስት ጣታችሁን ደርድራችሁ አፋችሁ ውስጥ ይገባሉ? ካልገቡ አስቀድማችሁ ንገሩኝ። ጨረር የማኘኪያ ጡንቻን ሊያደርቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ የኋላ ጥርስ ላይ መድረስ ፈተና ነው። አጭር አጭር ቀጠሮ እናደርጋለን። ራጅም አትፍሩ፣ አብሽሩ፤ ከወሰዳችሁት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። «አላመመኝም» ብላችሁም አትዘናጉ፤ ጨረር የነካው ነርቭ ዝም ሊል ይችላል።

ቤት ስትገቡ ውሃ ቶሎ ቶሎ ተጎንጩ። ጨረር ምራቁን ባደረቀው አፍ ስኳር ያለበት ሻይ ቀኑን ሙሉ መጎንጨት ጥርስን ከድዱ ጥግ ጀምሮ ይቆርጠዋል። ፍሎራይድ በየቀኑ፣ ምርመራ በየሦስት ወሩ።

ጋሼ ቀጠሮ አይዘነጉም። ሻይዋን ግን እስካሁን አልተዉም።