ከጥገና መዝገብ መጀመር፦ የተራራ ጉዞ ዕቃ የሚሰፋ ድርጅት አካባቢን ሳይጎዳ እንዲሠራ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ሆኖ በላስታና በመቄት ተራሮች ለሚጓዙ ሰዎች ድንኳን፣ የጀርባ ቦርሳና የመኝታ ከረጢት ለመስፋት ያሰበ ሰው፣ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ በዕቃው ላይ ከመለጠፉ በፊት አንድ ወፍራም ደብተር ቢገዛ ይሻለዋል። ደብተሩ የጥገና መዝገብ ነው። ተመልሶ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ መቼ እንደተሸጠ፣ የት ላይ እንደተጎዳ፣ በምን እንደተጠገነና ጥገናው ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይጻፍበታል። እንዲህ ያለ ዕቃ በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚመጣው ጨርቁ ሲመረትና ቀለም ሲነከር ስለሆነ፣ ሦስት ዓመት ያገለግል የነበረውን ቦርሳ ስድስት ዓመት ማቆየት ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የሚታሰበውን ጉዳት በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል።

እኛ በስፌት ቤታችን የያዝነው መዝገብ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ዕቃውን ለሰፋነው ለእኛ የሚያሳፍሩ ነበሩ። ቦርሳዎቹን የሰፋናቸው በሰው ጀርባ እንደሚውሉ አስበን ሲሆን፣ በተራራው መንገድ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጓዙት በበቅሎና በአህያ ተጭነው ነው። የጭነቱ ገመድ በሚያልፍበት፣ ከታችኛው ጥግ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ጨርቁ ተፍቆ ክሩ ይታያል፤ የቀረው የቦርሳው ክፍል ግን እንደ አዲስ ነው። እዚያ ቦታ ላይ መዳፍ የሚያህል ወፍራም ሸራ ደርበን መስፋት ከጀመርን ወዲህ ያ ብልሽት ከመዝገቡ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዚፕ ነው። ዚፕ አልዘጋም ሲል ብዙ ጊዜ የተበላሸው ጥርሱ ሳይሆን ጥርሶቹን የሚያገጣጥመው ተንሸራታች ነው፤ ሁለቱን ጎኖቹን በፒንሳ ቀስ አድርጎ ጠበቅ ማድረግ ለጊዜው ያሠራዋል፣ መተካቱ ግን ይበልጣል። ስለዚህ በሁሉም ዕቃ ላይ አንድ ዓይነትና አንድ መጠን ያለው ዚፕ ይጠቀሙ፤ የዚፑንም ጫፍ በድርብ ስፌት ውስጥ አይቅበሩት፤ ከቀበሩት ተንሸራታቹን ለመቀየር ቦርሳውን በሙሉ መፍታት ሊያስፈልግ ነው።

ጨርቅ ሲገዙ ሻጩን አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባው ውኃ እንዳያስገባ በምን እንደተቀባ ነው። ለብዙ ዓመታት በዓለም ዙሪያ ለዚህ ሥራ ያገለገሉት ፒፋስ የሚባሉት ፍሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች በተፈጥሮ ውስጥ በቀላሉ አይፈርሱም። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፒፎአ እ.ኤ.አ. በ2019 በተፈጥሮ ውስጥ ቶሎ የማይፈርሱ ኬሚካሎችን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት የቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ የካሊፎርኒያ ግዛትም ከ2025 ጀምሮ ፒፋስ ሆን ተብሎ የተጨመረበት አብዛኛው ልብስ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ከፒፋስ ነጻ የሆነው ቅብ ውኃን ይመልሳል እንጂ ቅባትን እምብዛም አይመልስም፤ ቅቤ የነካው ድንኳን ቶሎ ካልታጠበ እዚያው ቦታ ላይ ውኃ መሳብ ይጀምራል። ይህን ለገዢው አስቀድሞ መንገር ይገባል። ለቦርሳ የጥጥ ሸራን በንብ ሰም መቀባት ይቻላል፤ ይከብዳል፣ በብርድም ይደርቃል፤ በበቅሎ ለሚጫን ዕቃ ግን ክብደቱ ያን ያህል አያሳስብም።

በቅርብ የሚገኘውን መጠቀም ጥሩ ቢሆንም በቅርብ የተገኘ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የወሎ ደጋ የበግ ጸጉር ሻካራ ስለሆነ ገላ ለሚነካ ልብስ አልመክረውም፤ ለባናና ለመሬት ምንጣፍ ግን፣ እርጥበት ሲነካውም ሙቀት ስለሚይዝ፣ እጅግ ተስማሚ ነው። በቆዳ ጠፍር ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቆዳ በክሮሚየም ሲለፋ ከኬሚካሉ ከፊሉ ቆዳው ውስጥ ሳይገባ ከፍሳሹ ጋር ይወጣል፤ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪዎች ፍሳሽም በልዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ወደ ቦርከና፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ፍሳሹን እንዴት እንደሚያጣራ ሊያሳይዎት ፈቃደኛ ካልሆነ አቅራቢ ጠፍር ከመግዛት የሸራ ማሰሪያ መስፋት ይሻላል።

ለተፈጥሮ ጥበቃ ገንዘብ ሲመድቡ ከሽያጭ እንጂ ከትርፍ አይመድቡ፤ ትርፍ በሒሳብ አያያዝ ሊያንስ ይችላል፣ ሽያጭ ግን ደረሰኝ አለው። ፓታጎንያ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ከሽያጩ 1 በመቶ የሚሰጠው በዚሁ ስሌት ነው። እዚህ ግን ገንዘቡ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ በላስታው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የሚበቅለው አስታ የተባለ ዛፍ ለማገዶ እንዳይቆረጥ ለሚጠብቁ የአካባቢው ሰዎች ቢደርስ ዕቃዎን ይዞ ለሚወጣው ተጓዥም ይተርፋል።

የመጨረሻው ጉዳይ የስፌት ሠራተኛው ደመወዝ ነው። ሠራተኛው በሰፋው ዕቃ ቁጥር ብቻ የሚከፈለው ከሆነ ጥገናን ይሸሻል፤ የተቀደደውም ድንኳን ጥግ ላይ ተቆልሎ ይከርማል፤ ስለዚህ ጥገና በሰዓት ይከፈል። ክረምት ሲገባ ተጓዥ ስለሚቀንስ፣ አስጎብኚዎች ዕቃቸውን ሰኔ ላይ እንዲያመጡ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ሐምሌንና ነሐሴን ለጥገና ያድርጉና መንገዱ ሳይደርቅ ይመልሱላቸው።