በእጅ የተሳለ የጃፓን ሲኒ እንዴት ይለያል፣ እንዴትስ ይያዛል

እኔ ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት፣ የአክስቴ ልጅ ጃፓን ትምህርቷን ጨርሳ ስትመጣ አንገቷ ቀጠን ያለች ጠርሙስ ከአምስት ትንንሽ ሲኒ ጋር አመጣችልኝ። የሩዝ መጠጣቸውን ሳኬን የሚያቀርቡበት ነው፣ ጠርሙሷ ቶኩሪ ሲኒዋ ደግሞ ኦቾኮ ትባላለች። ቤት የመጣው ሰው ሁሉ «ያው ፋብሪካ ያተመው ነው» ሲለኝ ሆዴን ይበላኛል፣ ስለዚ እንዴት እንደሚለይ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ የራሳችሁን የቡና ሲኒ ከረከቦት ላይ አንሱና አበባውን በስልክ ካሜራ ዙም አርጉት፣ ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ነጠብጣብ ታያላችሁ፣ ያ ህትመት ነው። በብሩሽ የተሳለው ላይ ነጠብጣብ የለም፣ ብሩሹ ያረፈበት ወፈር ጠቆር ብሎ የተነሳበት ጋ ይሳሳል። ነጠብጣብ የሌለው ህትመትም ስላለ ግን እዚህ ጋ አትቁሙ፣ ሲኒዎቹን ደርድሩና አንዷን ቅጠል በሁሉም ላይ ፈልጓት። የኔዎቹ አምስቱም ላይ ያው ቅጠል አለ፣ ሶስተኛዋ ላይ ግን ጫፉ ከመስመሩ ትንሽ ወጥቷል፣ አምስተኛዋ ላይ ሰማያዊው ቀለም ጥግ ላይ ተጠራቅሞ ጠቁሯል። እኔ እሷን ነው የምወዳት። መስመሩ ታትሞ ቀለሙ ብቻ በእጅ የተሞላም አለ፣ እሱን መስመሩን ብቻ ለይታችሁ አወዳድሩ።

ቀጥሎ በጣት ዳሱት። ሰማያዊው ኮባልት ነው፣ አንዴ ተተኩሶ ገና የሚያብረቀርቀውን የመስታወት ሽፋን ባልለበሰ ሸክላ ላይ ይሳልና ከዛ መስታወቱን ለብሶ ወደ 1300 ዲግሪ እሳት ይገባል፣ ስለዚ ከስር ስለተቀበረ ልስልስ ነው። ያ ሸክላ ውሃ ይመጥጣል፣ ብሩሹ ለአፍታ ከቆመ ቀለሙ እዛው ይሰምጣል፣ ማጥፋት የሚባል ነገር የለም። አሪታ የሚባለው ከተማ ላይ መስመር የሚያወጣውና ውስጡን የሚሞላው ሰው ለየብቻ ነው፣ መሙላቱ ዳሚ ይባላል፣ ከጥንትም የሴቶች ሙያ ነበር። ቀይ አረንጓዴና ወርቁ ግን ከመስታወቱ በላይ ተቀብቶ ወደ 800 ዲግሪ ላይ እንደገና ስለሚተኮስ ጣት ላይ ከፍ ብሎ ይሰማል። በነዚህ ቀለማት የሚታወቁት ኩታኒ የሚባሉት የጃፓን ሸክላዎች ናቸው፣ የአሪታዎቹን ደግሞ ከ1592 እስከ 1598 በነበረው ጦርነት ከኮሪያ የተወሰዱ ሸክላ ሰሪዎች የጀመሩት ነው፣ ሲኒው የሚሰራበትን ነጭ ድንጋይ በ1616 አገኙት ይባላል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ከሲኒው ስር ያለው ጽሁፍ ብቻውን አያሳምናችሁ፣ እሱም በማህተም ይመታል።

አያያዙ ከዚህ ይመጣል። በሽቦ ወይ በአመድ እንዳትፈትጉ! አንዷን ሲኒ በሽቦ አሽቼ አፏ ላይ የነበረችው የወርቅ ክር ግማሿ ሄዳለች፣ አትመለስም፣ እስካሁን ያናድደኛል። ለብ ያለ ውሃ፣ ስፖንጅ፣ ፈሳሽ ሳሙና በቃ። ወርቅ ካለው ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም።

ሳኬ ካገኛችሁና ማሞቅ ካማራችሁ እንደ ጀበና ከሰል ላይ እንዳትጥዷት ትሰነጠቃለች። ድስት ውሃ አፍልታችሁ ካወረዳችሁ በኋላ ቶኩሪዋን እስከ አንገቷ ሞልታችሁ ሁለት ሶስት ደቂቃ ውስጡ አቁሟት፣ 40 እስከ 50 ዲግሪ ይበቃዋል። የኛን አረቄም ቀድቼባት አውቃለሁ፣ እንደ ገንቦ ሽታ አትይዝም፣ ግን እሱን አታሙቁት፣ ሳኬ 15 ፐርሰንት ገደማ ነው አረቄ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሲኒዋን ግማሽ ብቻ ቅዱ። ለራስ አይቀዳም፣ አንዱ ለሌላው ነው የሚቀዳው፣ ለትልቅ ሰው ሲሆን ደግሞ በሁለት እጅ፣ ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም።

ስትጨርሱ ቶኩሪዋ ውስጥ እጅ ስለማይገባ ጥሬ ሩዝና ለብ ያለ ውሃ ጨምራችሁ ናጧት፣ ጠጠር አይሆንም። ከዛ ደፍታችሁ ጨርቅ ላይ አሳድሯት።