የበዓል ሰሞን ሥራ ቤታችሁን ለሰው ስትከፍቱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ገና ሲደርስ በእኛ ሰፈር፣ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርዱ፣ ባለሙያዎች የሥራ ቤታቸውን ለሰው ክፍት ያደርጋሉ። ሸማኔ አለ፣ ሸክላ ሠሪ አለች፣ ሁለት ሰዓሊዎች አሉ፣ መሶብ የሚሰፉ እናቶች አሉ። ሰው ገብቶ ሲሠራ ያያል፤ የወደደውን ይገዛል። እኔ ከአስተባባሪዎቹ አንዷ ነኝ። እስካሁን ብዙ ተሳስተናል። በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ነገር ያሰባችሁ ካላችሁ እኛ የወደቅንበት እንዳትወድቁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ቀኑን ከበዓሉ ጋር ማጣበቅ

የመጀመሪያው ዓመት ታኅሣሥ 27 ላይ አደረግነው። በዓል ሲቃረብ ሰው ይገዛል ብለን ነበር። እውነት ነው፣ ይገዛል። የሚገዛው ግን ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ሽንኩርት ነው። እኛ ጋ የመጣው ሰው ኪሱ ባዶ ነበር፤ ዓይኑም ሰዓቱ ላይ።

አሁን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናደርገዋለን። ይሄ ለትዕዛዝም ይጠቅማል። ቀሚስ አይታ "ጥለቱን በአረንጓዴ ቢሠሩልኝ" ያለች ሴት ለገና እንድትለብሰው ሸማኔው ቀናት ያስፈልጉታል፤ ከዚያ ደግሞ ልብስ ሰፊው አለ። ከዚያ ብትዘገዩ እንኳ ታኅሣሥ 19ን ተዉት። ገብርኤል ነው፤ ከፊሉ ሰው ቁልቢ ወርዷል፣ የቀረውም ቤተ ክርስቲያን ነው። እሁድ ከሆነ ከቅዳሴ በኋላ ጀምሩ። ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ የታኅሣሥ ብርድ ሰውን ወደ ቤቱ ይሰደዋል፤ አትጠብቁ።

ሥራ ቤቱን ሱቅ ማስመሰል

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። እንግዳ ይመጣል ከተባለ ቤት ማጽዳት አስተዳደጋችን ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቻችን ከዋዜማው ጀምረው ሲጠርጉ ያድራሉ። ክሩ ይሰበሰባል። ጭቃው ይወጣል። ያላለቀው ሥዕል ግድግዳ ዞሮ ይቆማል። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍና ዕቃው ይደረደራል። እንግዳው ይገባል፣ "ያምራል" ይላል፣ ይወጣል። ምርጫ ብቻ ቢፈልግማ ሽሮ ሜዳ ይሄድ ነበር። እኛ ጋ የመጣው የሚሠራውን እጅ ለማየት ነው፤ እኛ ደግሞ እሱኑ ደበቅንበት።

ሸማኔያችን በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። በመጀመሪያው ዓመት የሽመና ዕቃቸውን ነቃቅለው፣ እግራቸውን የሚያስገቡበትን ጉድጓድ በሳንቃ ሸፍነው ጠበቁን። በሁለተኛው ዓመት ለምነን አስቀረነው። ጉድጓዱ ውስጥ እግራቸውን አስገብተው፣ ድሩን ወጥረው፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲልኩት ሰው ቆመ። ልጆች መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አንድ ሰውዬ ጥለቱ ላይ ያለው ቅርጽ እንዴት እንደሚገባ ጠየቁ። ጋሼ ሥራቸውን አቁመው፣ የድሩን ክር በጣታቸው እየቆጠሩ እያነሱ አሳዩአቸው። ሰውዬው ቆይተው ዋጋ ሲነገራቸው አልተከራከሩም። የቆጠሩትን ክር አይተውታላ።

እጅን መደበቁ ግን ከጽዳት ብቻ የመጣ አይደለም። ሸክላ ሠሪዋን "ሰው ፊት ሥሪ" ስላት "ጭቃ በጭቃ ሆኜ?" አለችኝ፤ ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። በዚህ አገር ሸማኔና ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭና ፋቂ በሥራው ሲሰደብ ኖሯል፤ ቡዳ ሲባል ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለእጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ ግን ከአፍ ቢጠፋም ከልብ ቶሎ አልጠፋም። ስለዚህ ባለሙያውን "በል አሳይ" ብላችሁ አትጫኑት። ቀድማችሁ ሂዱ፣ አብራችሁ ቁጭ በሉ፣ ቡና ጠጡ። ሸክላ ሠሪዋ ጋ ሦስት ቅዳሜ ሄጃለሁ። በአራተኛው ራሷ "እሺ፣ አፈር አስመጪልኝ" አለች።

ዋጋ አለመጻፍ

የእኛ ሰው ይሉኝታ አለበት። "ስንት ነው?" ብሎ፣ ዋጋው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ጥሎ መሄድ ያሳፍረዋል። ስለዚህ ሳይጠይቅ ይወጣል። ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። ዋጋውን የሚወስነው ባለሙያው እንጂ አስተባባሪው አይሁን። ለፈረንጅ ሌላ፣ ለሐበሻ ሌላ ዋጋ መጥራትም ይቅር፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው የሚሰሙበት ቀን ይመጣል።

የተገዛ ዕቃ መቀላቀል

ጠረጴዛው እንዲሞላ ተብሎ ከመርካቶ የመጣ የፋብሪካ ሻርፕ ከጋሼ ነጠላ ጎን ተቀምጦ አውቃለሁ። አንድ ሰው ከነቃ በኋላ እውነተኛውንም ማንም አያምነውም። በቁመት የሚወጠረው ድር የፋብሪካ ክር፣ በአግድም የሚገባው ማግ የእጅ ፈትል ከሆነ እንደዚያው ተናገሩ፤ ነውር የለውም፣ ዛሬ ብዙው ነጠላ እንደዚያ ነው። ስፌት ላይም እንዲሁ። እናቶቹ የሚሰፉበትን ሣር፣ አክርማና ስንደዶውን፣ ቀለም የተነከረውን አለላም ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። መሶብ ከምን እንደሚሰፋ የማያውቅ የከተማ ልጅ ስንት አለ መሰላችሁ!

ሸጦ ዝም ማለት

አንዲት ልጅ የገዛችውን ጀበና ወዲያው እሳት ላይ ጥዳ ተሰነጠቀባት፤ በሳምንቱ እያዘነች ይዛው መጣች። ጥፋቱ የእኛ ነው። አዲስ ጀበና መሟሸት እንዳለበት አልነገርናትም። አሁን ሸክላ ሠሪዋ ለእያንዳንዱ ገዢ ታስረዳለች፦ ውኃና የቡና አተላ ጨምረሽ፣ በለስላሳ እሳት ቀስ ብለሽ አፍልተሽ ድፊው፤ ደጋግሚው፤ ትኩስ ሆኖ ቀዝቃዛ ውኃ አታስነኪው። ይህን ስትናገር ማየት ደስ ይላል። እፍረቷ የት እንደገባ እንጃ።

ጾሙን መርሳት

ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ነው። ቡናው ጋ ኬክና ማኪያቶ ካቀረባችሁ ግማሹ እንግዳ ባዶ እጁን ይቆማል። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሻይ ይበቃል። ክፍያ ላይ ደግሞ ቴሌብር ብቻ አትመኑ፤ ኔትወርክ ይጠፋል። ዝርዝር ብር ያዙ።

በጠፋ ምልክት መምራት

በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና አካባቢው ተለውጧል። "ከድሮው ዳቦ ቤት ጀርባ" ብትሉ ዳቦ ቤቱ የለም። ዛሬ ቆሞ በሚታይ ነገር ምሩ፤ መታጠፊያው ላይ ሰው አቁሙ።

ለጎረቤት ሳይነግሩ ድንኳን መትከል

ፀሐዩን ለመከለል የእድሩን ድንኳንና ወንበር ተውሰን በር ላይ ተከልን። ለሰፈሩ ግን አልተናገርንም። ከማዶ ያሉ አንዲት እናት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ እየተርበተበቱ ደረሱ። "ማን ነው?" አሉ። ጋሼ የሞቱ መስሏቸው ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ሐዘን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ከሳምንት በፊት ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ይናገራሉ፤ ድንኳኑም ግቢ ውስጥ ነው የሚተከለው። እኚያ እናት አሁን ከማንም ቀድመው ይመጣሉ። በር ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ያሾራሉ። የፈተሉትን ማታ ጋሼ ይረከቧቸዋል።