ወረቱ ሲያልፍ፦ አዲስ የአትክልት መሬት ይዞ ዓመት የመሻገር ዘዴ

መጋቢት ላይ መሬቱ ሲከፋፈል ሰው ሁሉ ነበር። ደሴ ነው፣ ከሰፈራችን ግርጌ፣ ወንዝ ዳር። ለየቤቱ 100 ካሬ ሜትር ገደማ ደረሰን። ዶማ የሌለው ተበድሮ መጣ። ልጆች ድንጋይ ለቀሙ። ፎቶም ተነሳን። እኔ ከዳር እስከ ዳር ቆፍሬ ሳምንት ሙሉ ወገቤን ይዤ ተኛሁ።

መስከረም ላይ ከመሬቱ እኩሌታው አረም ውጦት ነበር። የኔም እንደዚያው። ሦስት ሳምንት ቀርቼ ብመለስ ቅንጬ አረም ወገቤ ደርሷል። ቲማቲሜ የት እንደነበር ያወቅኩት በደገፍኩበት እንጨት ጫፍ ነው።

ሰነፎች ተባልን። እኔ ግን ስንፍና ነው ብዬ አላምንም። በወረት ጊዜ የማንችለውን ያህል ቆፈርን፣ ወረቱ ሲያልፍ ያንን የሚሸከም ጠፋ። አሁን አራተኛ ዓመቴ ነው፣ መደቦቼም አሉ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከዶማ በፊት ጀሪካን ቁጠሩ

መሬት ስታገኙ መጀመሪያ የምትሠሩት ሒሳብ ነው። ዝናብ በሌለበት ወቅት አንድ ካሬ ሜትር መደብ በአንድ ጊዜ 5 ሊትር ያህል ውኃ ይጠጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለ4 ካሬ ሜትር በቃ ማለት ነው። 100 ካሬ ሜትሩን በሙሉ ከተከላችሁ 25 ጀሪካን። ያውም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ። ከወንዝ ወደ ላይ፣ በእጅ። ይህን ሒሳብ መጋቢት ላይ ማንም አልሠራም፣ ምክንያቱም ሰማዩ ያጠጣልን ነበር።

እኔና ባለቤቴ አንድ ማለዳ ሳንጨቃጨቅ የምናመላልሰው 4 ጀሪካን ነው። 4 በ4፣ 16 ካሬ ሜትር። የኛ መሬት ስፋት እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው 100 የቀበሌው ቁጥር ነው።

እናንተም አንድ ቀን ባዶ መሬት ላይ ውኃ አመላልሳችሁ ሞክሩ። ስንተኛው ላይ "በቃኝ" እንዳላችሁ ያዙ። ከዚያ ላይ አንድ ቀንሱ። የቀረውን በ4 አባዙት፣ የመጀመሪያው ዓመት እርሻችሁ ያ ነው።

መደቡን ወርዱን 1 ሜትር፣ ርዝመቱን 5 ሜትር አድርጉት፣ 16 ካሬው ሦስት መደብ ይወጣዋል። ከ1 ሜትር ከሰፋ መሐሉን ለማረም መርገጥ ይመጣል፣ የተረገጠ አፈር ደግሞ ይጠብቃል። በመደቦቹ መካከል ባልዲ ይዞ የሚያሳልፍ 40 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ተዉ። ለክረምት መደቡ ከመተላለፊያው ከፍ ይበል፣ ውኃ እንዳይተኛበት። ለበጋ ዝቅ ይበል፣ ያፈሰሳችሁት እንዳይሸሽ።

ስለ ውኃው አንድ ነገር። የከተማ ወንዝ የቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ ይቀላቀልበታል። በእንዲህ ዓይነት ውኃ ሰላጣም ሆነ ቃሪያ፣ በጥሬው የሚበላ ነገር አታልሙ። ምንጭ ወይም የጣሪያ ውኃ ካላችሁ ለነሱ እሱን አድርጉ።

የቀረውን መሬት አልብሱት

16 ካሬውን ለያችሁ። 84ቱስ? አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ወይ ሁሉንም ይቆፍራል፣ ወይ እንዲሁ ይተወዋል። ተቆፍሮ ያልተተከለ መሬት ለአረም የተነጠፈ አልጋ ነው። እንዲያውም ባትነኩት ይሻላል።

አረሙን በማጭድ ከሥሩ እጨዱት። በላዩ ላይ ካርቶን ደራርቡ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ሳይሆን አንዱ አንዱን እየነከሰ። በላዩ ደረቅ ሣር ወይም ገረባ፣ የጫት ትራፊ ማለት ነው፣ ጣሉበት። ወሎ ውስጥ ገረባ የማይገኝበት ሰፈር የለም፣ ከቃሙ ቤቶች ደጅ ለምናችሁ መውሰድ ነው። የጤፍ ጭድ ለከብት ስለሚፈለግ ውድ ነው፣ አትድከሙ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ይቅርባችሁ። በነፃ ይገኛል፣ ዙሪያችን ሁሉ እሱ ነው፣ ነገር ግን ሲበሰብስ ሌላ ዘር እንዳይበቅል ያደርጋል።

ማልበሻ ካነሰባችሁ ዱባ ትከሉ። ሦስት አራት ጉድጓድ ቆፍራችሁ የበሰበሰ ፍግ ሙሉበትና ሁለት ሁለት ፍሬ ጣሉ። ዱባ ቅጠሉን ዘርግቶ መሬቱን ራሱ ይሸፍናል፣ ከናንተ የሚጠብቀው ብዙ የለም። ወይም ዝናብ ሲጀምር ባቄላ ዝሩበት። ለደሴ ብርድ ይስማማዋል፣ መሬቱንም አዳብሮ ይሄዳል።

በዝናብ ጀምሩ፣ ግን በልግን አትመኑት

የወሎ ደጋ ሁለት ዝናብ አለው። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አካባቢ፣ ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን። አዲስ ሰው ጥር ላይ ባይጀምር ይመረጣል። በልግ ሲገባ ይጀምር። ሆኖም በልግ ራሱ ወረተኛ ነው። ሁለት ሳምንት ዘንቦ አንድ ወር ሊጠፋ ይችላል። የጀሪካን ሒሳቡ ያስፈለገው ለዚህም ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ኮምቦልቻ ከሷ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል፣ እዚያ ያለ ዘመድ በስልክ የነገራችሁ የመትከያ ጊዜ ለናንተ አይሠራም። ኮምቦልቻ ቲማቲም ሲቀላ የኔ ገና አበባ ላይ ነበር።

እጅ ባዶ የማይመልስ ነገር ትከሉ

እግርን ወደ መሬቱ የሚስበው ምሳ ነው። "ለምን እሄዳለሁ?" ስትሉ "ቆስጣ ላመጣ" የሚል መልስ ካለ ትሄዳላችሁ። መልሱ "አረም ላርም" ብቻ ከሆነ ዛሬ ደክሞኛል ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ።

ስለዚህ ከሦስት መደብ አንዱ የቆስጣና የሀበሻ ጎመን ይሁን። ቆስጣ ከ50 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ መቀጠፍ ይጀምራል። የዳር የዳሩን ቅጠል ብቻ ቅጠፉ፣ መሐሉን አትንኩት፣ ለወራት ይሰጣችኋል። ጎመንም እንዲሁ፣ ከታች ወደ ላይ። ሥሩን ነቅሎ የሚወስድ ሰው ሲያጋጥመኝ ያመኛል።

ሁለተኛው መደብ ላይ፣ የምንጭ ወይም የጣሪያ ውኃ ካላችሁ፣ ሰላጣ በየተራ ትከሉ። 20 ችግኝ በአንድ ቀን ከተከላችሁ 20ውም በአንድ ሳምንት ይደርስና ግማሹ አብቦ ይመራል። በየሁለት ሳምንቱ 5 ችግኝ ይበቃል። ቀሪውን ቦታ ካሮት ያዙበት። ካሮት ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል፣ በትዕግሥት ነው።

ሦስተኛው የድንች ወይም የነጭ ሽንኩርት ይሁን። ነጭ ሽንኩርት አራት አምስት ወር ይፈጃል፣ ግን በየቀኑ "እዩኝ" አይልም።

ቲማቲም ለሁለተኛው ዓመት ይቆይ። ድጋፍ ይፈልጋል፣ ክረምት ላይ ምች ይመታዋል፣ ትልም አለበት። የመጀመሪያ ዓመት ሰው በቲማቲም ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ችግኝም በመጀመሪያው ዓመት ከገበያ ግዙ፣ ማፍላቱን ቀስ ብላችሁ ትደርሱበታላችሁ። ፍግ ስትጨምሩ የበሰበሰ ይሁን፣ በተለይ የዶሮ። ትኩሱ ችግኝ ያቃጥላል።

አረም፦ 20 ደቂቃ፣ ሲወለድ

ከኔ ቀጥሎ ያለው መሬት የአንድ ሐጂ ነው። ከሱብሂ ሰላት ሲመለሱ ጎራ ይላሉ። የያዙት አንዲት ትንሽ መኮትኮቻ ብቻ ነው። አንድ ቀን አንድ መደብ፣ ሌላ ቀን ሌላው። አንድ ጊዜ ሰዓት ያዝኩባቸው። 20 ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው፣ ጥቂት ጎመን ቀጥፈው፣ ለቡናው ይደርሳሉ።

ቀረብ ብዬ ሳይ የሚያርሙት አረም ለኔ አይታየኝም ነበር። ሁለት ቅጠል ያላት፣ ጥፍር የምታህል ነገር ናት። አይነቅሏትም። የመኮትኮቻውን ስለት በአፈሩ ቆዳ ሥር ሰያፍ አድርገው ይስባሉ። ሥሯ ይቆረጣል፣ ፀሐይ ወጥታ ቀሪውን ትጨርሰዋለች። ለዚህ ነው በጠዋት የሚመጡት፣ ለዚህም ነው አፈሩ ደረቅ ሲል የሚሠሩት። ዝናብ ላይ ከኮተኮታችሁት መልሶ ሥር ይሰዳል። "ሲወለድ ነው እንጂ ልጄ፣ ሲያድግማ ማን ይችለዋል" አሉኝ። እኔ ቅዳሜን ጠብቄ ግማሽ ቀን ስሠራ የነበርኩት ያደገውን ነው።

ክረምት ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ ካልሄዳችሁ መሬቱ ይቀድማችኋል። ቀን መድቡ። እኔ ማክሰኞና ዓርብ ነኝ።

ሁለት አረም ግን በዚህ አይሆኑም። አንዱ ሰርዶ ነው። በመኮትኮቻ ከቆራረጣችሁት እያንዳንዱ ቁራጭ ከአንጓው አዲስ ሰርዶ ይሆናል፣ አባዛችሁት ማለት ነው። በበጋ በዶማ ከሥር አውጥታችሁ ገመዱን ለቅሙና ድንጋይ ላይ ፀሐይ አስጡት። ሁለተኛው ቅንጬ ነው። ነጯ አበባ ሳትወጣ ንቀሉት። አንዱ ተክል ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል። አፈሩ እርጥብ ሲሆን ከነሥሩ ይመጣል። ጓንት ከሌላችሁ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። እኔ በባዶ እጄ ነቅዬ ሁለት ቀን ክንዴን ስፎክት ነበር።

ወንፈል ግቡ

ለቅሶ ይመጣል፣ ልጅ ይታመማል፣ ሰው መንገድ ይሄዳል። በበጋ ሁለት ሳምንት ውኃ ከቀረ አለቀ። ከግራና ከቀኝ ጎረቤት ጋር ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፣ "እኔ ስቀር አንቺ ሁለት ጀሪካን፣ አንቺ ስትቀሪ እኔ" ብላችሁ። የምታጠጣው ሰው ቆስጣውን ትቅጠፍ፣ ይህም የስምምነቱ አካል ይሁን። በዝምታ ከታለፈ፣ ኋላ ቅሬታ ይመጣል።

መሬቱ ከበዛባችሁ ደግሞ ሙሉውን ከመልቀቅ ግማሹን ለሚፈልግ ስጡ። አሰጣጡ በቀበሌ ወይም በማኅበር ከሆነ በቃል አትጨርሱት፣ አሳውቁ።

ቀድሞ ጠፍቶባችሁ ከሆነ

ሰው የሚቀረው አረሙን ፈርቶ ብቻ አይደለም፣ አፍሮ ነው። ጎረቤቱ "ምነው ጠፋህ?" እንዳይለው በሌላ መንገድ ይዞራል። እኔ ለገበያ ስወጣ በላይኛው መንገድ ነበር የምሄደው፣ በ15 ደቂቃ ይርቃል።

የመመለሻው ቀን ዶማ ይዛችሁ አትሂዱ። ማጭድ፣ ካርቶንና አንድ ጀሪካን ይበቃል። ሁሉንም አጽድቼ እወጣለሁ ካላችሁ ማታ ታማችሁ ትመለሱና ሁለተኛ አትሄዱም። ከመግቢያው አጠገብ ያለውን አንድ መደብ ብቻ እጨዱ። ሩቁን ተዉት፣ ቅርቡ ሲጸዳ ከመንገድ ይታያል። ቅንጬው አብቦ ከሆነ አበባውን መጀመሪያ እየቆረጣችሁ በማዳበሪያ ከረጢት ክተቱ፣ ወደ ብስባሽ አትጨምሩት። የተቀረውን ካርቶን አልብሱ፣ ድንጋይ ጫኑበት። የታጨደውን መደብ ቆፍሩና በዚያው ሳምንት 10 የቆስጣ ችግኝ አመሻሽ ላይ ትከሉ።

እኔ የተመለስኩት ጥቅምት ላይ፣ ሰው የለም ብዬ ባሰብኩበት በጠዋት ነው። ሐጂ ነበሩ። አንገቴን ደፍቼ ማጨድ ጀመርኩ። ስለ አረሙ ምንም አላሉም። ትንሽ ቆይተው ቀና ሳይሉ "አብሽሪ። ጀሪካን ይዘሻል?" አሉኝ። ከዚያ መኮትኮቻቸውን አስቀምጠው፣ ከወንዙ ይልቅ የሚቀርበውንና እስከዚያ ቀን ያላየሁትን ትንሽ ምንጭ ሊያሳዩኝ ቀድመውኝ ወረዱ።