ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሳ፦ የሬቲና ፎቶ ስናነሳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የስኳር ሕመም ሬቲናን (ከዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ጎድቶ እንደሆነ የሚታይበት ፎቶ ወረዳ ላይ ይነሳል፣ የሚያነበው ሐኪም ሌላ ከተማ ነው። ምስሉ ደብዝዞ ከደረሰው ሐኪሙ ምን ያድርግ? ታካሚው ቤቱ ገብቷል። ተመለስ ቢባል ትራንስፖርት አለ፣ የሚቀር ሥራ አለ። ብዙው ይቀራል። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኞችን ዓይን የምታነሱ ሁሉ፣ ጥራቱን እዚያው ወንበሩ ላይ እያለ እዩ።

በጣም የሚጎዳን ክፍሉን አለማጨለም ነው። ብርሃን ካለ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ የምስሉ ዳርም ይጠቁራል። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሳይጨመር የሚያነሱ ብዙ ካሜራዎች 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የብሌን ስፋት ይፈልጋሉ። ጉግል በታይላንድ ክሊኒኮች ያደረገውና በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ላይ፣ ከ1,838 ምስሎች 21 በመቶውን ምስሉን የሚያነበው ኮምፒውተር ጥራት የለውም ብሎ አልቀበልም ብሏል። አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፦ ከታዩት 11 ክሊኒኮች የሚጨልም ክፍል የነበራቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። መጋረጃ የለንም? ጋቢ መስኮቱ ላይ ስቀሉ። አድርጌዋለሁ፣ ይሠራል።

ቀጥሎ ጥድፊያ። የቀኙ ዓይን ላይ ፍላሽ ሲበራ የግራውም ብሌን አብሮ ይጠባል። ወዲያው ወደ ግራ ከዞራችሁ ጥቁር ጥላ ነው የምታገኙት። በጨለማው ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ካልሰፋ በፕሮቶኮላችሁ መሠረት ትሮፒካማይድ የሚባል ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አለ። እሱም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ለሰዓታት ያደበዝዛልና መኪና እንደማይነዱ መጀመሪያ ጠይቁ።

“ዓይንዎን አይጨፍኑ” ብቻ ማለትም ስህተት ነው። ፈጦ የቆየ ዓይን ይደርቃል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። “እማማ፣ ሁለቴ ጨፈን ገለጥ ያድርጉ፤ አሁን ገልጠው ይያዙልኝ” በሉ። ያኔ አንሱ።

ሌንሱን በጋዋን ጫፍ መጥረግ፣ ወይም በአፍ እፍ ማለት! አንዱ ይጭረዋል፣ ሌላው ምራቅ ይረጭበታል። የአየር መንፊያና የሌንስ ወረቀት ተጠቀሙ። በአምስት ሰው ምስል ላይ አንድ ቦታ የሚታይ ነጠብጣብ ካለ በሽታ አይደለም፣ አቧራ ነው።

በትንሿ ስክሪን አይቶ “ቆንጆ ነው” ማለት ደግሞ የሁላችንም አመል ነው። አጉሉት። ማኩላው (ጥርት አድርጎ የሚያየው የሬቲናው መሃል) ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ጥርት ብለው ይታያሉ? ካልታዩ ድገሙት። ቀኝና ግራም አይቀያየርባችሁ፦ በተለመደው ካሜራ የቀኝ ዓይን ከሆነ የነርቩ ክብ (የዓይን ነርቭ ከሬቲናው የሚወጣበት ቦታ) ከማኩላው በስተቀኝ ይወድቃል።

ምስሉን በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ መላክ ይጨምቀዋል፤ የስኳር ጉዳት መጀመሪያ ምልክት የሆኑት፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉት ቀያይ ነጥቦች የሚጠፉት ያኔ ነው። የምርመራ ፕሮግራማችሁ በፈቀደው መንገድ ኦሪጅናሉን ፋይል ላኩ።

አንድ ቀረ፣ ለእኔ ከሁሉም የከፋው። አንድ ጊዜ እንደ ጭጋግ የነጣ ምስል ደረሰኝ። ከሥሩ “ችግር አልታየም” ተብሎ ተጽፎበታል። እንዴት ይታይ? ሬቲናው ራሱ አይታይም። ጠብታ ተጨምሮም፣ ተደግሞም ካልጠራ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል። “ሊነበብ አልቻለም፣ በአካል ይታይ” ብላችሁ ጻፉና ሪፈር አድርጉ።